የዕዳ ሰብሳቢው አለቃ በዋግ

በዋግ ደጋ ለብዙ ትውልድ የግብር ዕዳ አሰባሰብ ኃላፊ የሚሆነው፣ የጎደለውን ከራሱ ጎተራ መሙላት የሚችል ሰው ነበር። ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ በማስታወቂያ አይፈለግም፤ ለፈተናም አይቀመጥም። የሚታዩለት ርስቱ፣ ከብቱ፣ ዘመዱና ቃሉ ናቸው። ዛሬ ባንክ ለብድር ማስመለስ ሥራ የሚቀጥረው ቡድን መሪ ደግሞ በትምህርት ማስረጃና በሥራ ልምድ ይወዳደራል፤ ያልተሰበሰበው ገንዘብ ከኪሱ አይጠየቅም። የፊተኛው ሹመት ወደ ኋለኛው ቅጥር የተለወጠው በአንድ አዋጅ አይደለም። በዋግ ዋና ከተማ በሰቆጣና በአካባቢዋ ሁለቱ አሠራሮች ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ዋግ ከላስታ በስተሰሜን የሚገኝ፣ ተከዜና እንደ ጸላሪ ያሉ ገባሮቹ የሸነሸኑት ተራራማ አገር ነው። ነዋሪው የአገው ኽምራ ሕዝብ ኽምጣናና አማርኛ ይናገራል። አገሩን የሚገዛው ሹም ማዕረግ ዋግሹም ይባል ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዝ የዛጔ ነገሥታት ዘሮች ዋግን በርስትነት ይዘው በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ተጠበቀላቸው። ከዚህ ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሧል። ዋግሹም ለንጉሠ ነገሥቱ ግብር ያስገባል፤ እሱ ከምስለኔዎቹ ይቀበላል፤ ምስለኔዎቹ ደግሞ ከየቀበሌው ጭቃ ሹም። ከላይ ያሉት በወግና በዘር የታሰሩ ስለነበሩ ስለ ምርጫቸው ብዙ የሚባል የለም። የአሰባሰቡ ሥራ በእጅ የሚሠራው ታች ነበር።

ጭቃ ሹም ከርስተኞች መካከል የሚወጣ የመንደር ሹም ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በአንዳንዱ ስፍራ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በሌላው የአንድ አቅኚ አባት ተወላጆች በየዓመቱ በተራ ይይዙታል። ሥራው በአገሩ ላይ የተጣለውን ግብር ለየቤቱ መደልደል፣ እህሉን፣ ማሩንና ሌላውንም በዓይነት መቀበል፣ አድርሶ ማስረከብና እግረ መንገዱን ጥቃቅን ጠብ መዳኘት ነው። ከራሱ መሬት ግብር ይቀርለታል፤ መንደርተኛው ጥቂት ቀን ያርስለታል። ይህ ሁሉ ጥቅም ግን በአንድ ግዴታ የተያዘ ነው፤ ድልድሉ ሳይሞላ ቢቀር ከበላይ ያለው ሹም የሚይዘው ያልከፈለውን ገበሬ ሳይሆን ጭቃ ሹሙን ነው። ስለዚህ ተራው ደርሶ እንኳ አቅም ያነሰው ርስተኛ ተራውን ለወንድሙ ወይም ለአጎቱ ልጅ ቢለቅ አያስደንቅም። ድኻ ለዚህ ሥራ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ አይነሳም ነበር፤ መጀመሪያውኑ ከሚታሰቡት ውስጥ አይገባም።

ይህ አሠራር ጥሩ ጎን ነበረው ማለት ይቻላል። ጭቃ ሹሙ የማን በሬ እንደሞተ፣ የማን ማሳ በበረዶ እንደተመታ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ከሚደለድላቸው ሰዎች ጋር በአንድ ደብር ያስቀድሳል፣ በአንድ ማኅበር ይጠጣል፣ ሲሞትም የሚቀብሩት እነሱ ናቸው። ክፉ ጎኑም ከዚሁ ይመነጫል። ዘመዱን አቃልሎ ባዕዱን ማክበድ ለእሱ ቀላል ነው፤ ይግባኝ የሚባለውም ብዙውን ጊዜ እሱን ለሾመው ሰው ነው።

የሰቆጣ ገበያ የራሱ ሕግ ነበረው። ከተማዋ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ኢትዮጵያ ትልልቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ የሚቆረጠው አሞሌ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሰቆጣ ሲደርስ ከፊሉ ይሸጣል፣ ከፊሉ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይቀጥላል። አሞሌው ቅመም ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ከማዕድኑ በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል፤ በማሪያ ትሬዛ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ቁጥርም ከገበያ ገበያ ይለያያል። በአሞሌ የተበደረ ሰው በስንት አሞሌ፣ በየትኛው ገበያ ዋጋና ምን ዓይነት አሞሌ እንደሚመልስ አስቀድሞ መነጋገር ነበረበት። የተሰበረ ወይም ዝናብ የበላው አሞሌ በሙሉ ዋጋ አይወሰድም፤ በክረምት የሚሰበሰብ የጨው ዕዳ ለሁለቱም ወገን ጣጣ ነው።

በእንዲህ ያለ ገበያና በመንገዱ ላይ የነጋዴው አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢው ነጋድራስ ይባላል። ነጋድራስነት ከዛሬው የገቢ አሰባሰብ ኃላፊነት ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚቀራረብ የዱሮ ሹመት ነው፤ ሆኖም መሠረቱ ሌላ ነው። ንጉሡ ወይም የአገሩ ገዥ ሹመቱን የሚሰጠው በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለሚያስገባለት ሰው ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የተሰበሰበው የነጋድራሱ ይሆናል፤ ቢያንስም ኪሳራው የእሱ ነው። በየኬላው የሚያስቀምጣቸው ሰዎች የመንግሥት ሳይሆኑ የእሱ አሽከሮች ናቸው፤ የሚመርጣቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ነጋድራስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ራሱ ሀብታም ነጋዴ ነበር። የጨው ነጋዴ ከአፋር እስከ ደጋው መሀል ድረስ በየኬላው ከጭነቱ እየከፈለ ይጓዛል፤ የኬላው ሰው ያስከፈለው ሁሉ ለአለቃው ትርፍ ስለሆነ ለማቃለል ምክንያት የለውም። ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገሪቱን የግብርና የቀረጥ ሥርዓት የነቀፉት ሥራውን ከውስጥ አይተውት ነው። ሹሙ የተወሰነ ደመወዝ ሲኖረውና የሚከፈለው ልክ አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ነጋዴው ሀብት እንደሚያፈራ ያሰቡት ገና በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነበር። እንደ ሰቆጣ ያለ ገበያ ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ይሆን ነበር።

የግለሰብ ዕዳ አሰባሰብ ከመንግሥት ግብር የተለየ ሹም አልነበረውም። አበዳሪው ራሱ ሰብሳቢ ነው፤ የሚረዳው የአገር ወግ ነው። ባለዕዳውን መንገድ ላይ ያገኘ አበዳሪ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ሊያስቆመው ይችላል፤ በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ጥሎ ቢሄድ ጥፋቱ ወደ ንጉሡ ይዞራል። በአጠገብ የሚያልፍ ትልቅ ሰው የመንገድ ዳኛ ሆኖ ሁለቱን ያደምጣል። እዚያው ካልተስማሙ ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሰው ዋስ ከሆነ ባለዕዳውን በቀጠሮው ቀን ያቀርባል፤ የገንዘብ ዋስ ከሆነ ባለዕዳው ሲጠፋ ይከፍላል። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች በሰንሰለት የተቆራኙ አበዳሪና ባለዕዳ ፎቶግራፍ ማንሳት ይወድዱ ስለነበር፣ ቁራኛ ከኢትዮጵያ የፍርድ ልማዶች በምስል በብዛት ከቀሩት አንዱ ሆኗል። በምስሉ የማይታየው ቁራኛው የሚከብደው ለሁለቱም መሆኑ ነው። አበዳሪው ሥራውን ፈትቶ ከባለዕዳው ጋር መዞር ስላለበት፣ ዋስ መቀበልና በሽማግሌ መጨረስ ለእሱም ይሻለዋል።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት፤ ወለድን ቤተ ክርስቲያን ትነቅፋለች። የደጋው ገበሬ ግን ወለድን በሌላ መልክ ያውቀው ነበር። ወለድ አገድ በሚባለው ውል ተበዳሪው ማሳውን ለአበዳሪው ያስይዛል፤ አበዳሪው እያረሰ ሰብሉን ይበላል፤ የተበደረው ገንዘብ በሙሉ ሲመለስ መሬቱ ይለቀቃል። ሰብሉ ወለድ ነው፤ ዋናው ዕዳ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። በዚህ ውል ሰብሳቢ አያስፈልግም፤ ማሳው ራሱ በየዓመቱ ይከፍላል። የእህል ብድርም ነበረ። በሰኔና በሐምሌ እህል በተወደደ ጊዜ የተበደረ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ሲረክስ በገንዘብ ሒሳብ ከወሰደው እጅግ የበዛ እህል ይመልሳል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት ዕልቂት ሲወርድ፣ በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ሲራቡ፣ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመለስ ዕዳ ከመሰብሰብ ይልቅ ባለዕዳውን በሕይወት ማቆየት ነበር የሚያስጨንቀው። እንዲህ ባለ ዓመት ባለዕዳው ተሰዶ ይሄዳል፤ አበዳሪው ቢያገኘውም የሚወስደው የለም።

ጣልያን ሲገባ የዋግ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ተዋግተው በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ተያዙና ተሰየፉ። ከነጻነት በኋላ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነ፤ የ1934ቱ የጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደር ደንብ ገዥዎችን ደመወዝተኛ አደረገ። ግብር መሰብሰብ የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ሆነ። ጭቃ ሹሙ ግን አልቀረም። ማን ምን ያህል መሬት እንዳለው የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ደመወዝተኛው ግብር ሰብሳቢ መዝገቡን ይዞ የሚሄደው ወደ እሱ ደጃፍ ነበር።

በዚሁ ዘመን የዕዳ ሕግ ተጻፈ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን በግልጽ የተነገረና ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ ልክ የተወሰነ ካልሆነ አይጸናም አለ፤ ይህ ለዱሮው የመንደር ዋስ ያልነበረ ከለላ ነው። ወለድ አገድም በዚሁ ሕግ በስሙ ገባ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በፍርድ የተረታ ሰው ምን እንደሚወሰድበትና ምን እንደማይወሰድበት ዘረዘረ፤ ልብስ፣ የመሥሪያ ዕቃና ለተወሰነ ጊዜ የሚበቃ ቀለብ ከማይነኩት ውስጥ ናቸው። ቁራኛ በሕግ ቦታ አጣ። በወረቀት ደረጃ ዕዳ ሰብሳቢው ከእንግዲህ የፍርድ ቤት አፈጻጸም ሠራተኛ ነው፤ ከሰቆጣ ፍርድ ቤት የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ግን ሽማግሌና ዋስ በቦታቸው ቆዩ።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳና ግዴታ ነጻ አወጣው። ጭሰኝነት ባልሰፋበት የርስት አገር ይህ አንቀጽ ያመጣው ለውጥ ያን ያህል አልነበረም። የበለጠ የታየው ገበሬ ማኅበሩ ነው። የጭቃ ሹሙን የመሰብሰብ ሥራ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወረሰ፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያም፣ መዋጮም በእሱ በኩል ያልፋል። ልዩነቱ የምርጫው መለኪያ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ሀብታም እንዲሆን አይፈለግም፤ እንዲያውም ድኻ ገበሬ መሆኑ ይመሰገንለት ነበር። ያልሞላውን ከራሱ ስለማይከፍል፣ የሚሞላው በሌላ መንገድ ነው፦ በማስፈራራት፣ በእስር፣ ወይም ለበላይ አካል በማመልከት። የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ የኢሕዴን፣ ታጣቂዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዋግ ስለተንቀሳቀሱም የማኅበሩ ሊቀመንበር በብዙ ቀበሌ በሁለት መንግሥት መሀል ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዋናው የገጠር ብድር የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ሆነ። የክልል መንግሥታት ለባንክ ዋስ ስለገቡ፣ ያልተሰበሰበው ዕዳ ከክልሉ በጀት ይቀነስ ነበር፤ ስለዚህ የመሰብሰቡ ጫና ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወረደ። የቀበሌ ሊቀመንበሩና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዕዳ ሰብሳቢዎች ሆኑ። ገበሬን እርሻ ሊያስተምር የተቀጠረ ወጣት በመኸር ደብተር ይዞ ከደጃፍ ሲቆም፣ ምክሩን የሚሰማው እንዴት ይገኛል? ይህ ስሕተት በብዙ የአማራ አካባቢ ታይቷል፤ ስሕተት መባሉም አያከራክርም።

ጥቃቅን ብድርን ከመንግሥት ሠራተኛው እጅ አውጥቶ ለራሱ ባለሙያ የሰጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም አብቁተ ነው። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፣ አመልድ፣ ውስጥ ሆኖ ነበር። አመልድ ራሱ የተወለደው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ኢሕዴን በያዛቸው አካባቢዎች በነበረው የዕርዳታ ሥራ ነው። የጥቃቅን ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 በ1988 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ አብቁተ ፈቃድ አግኝቶ ራሱን ቻለ። ብሔራዊ ባንክ በመጀመሪያ ለአንድ ተበዳሪ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን 5 ሺህ ብር ነበር፤ መያዣ ስለሌለ ዋስትናው የቡድን ነው። ጎረቤታሞች በፈቃዳቸው በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍሉለታል፤ ካልከፈሉ ለማናቸውም አዲስ ብድር የለም። በየቀበሌው የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱ ከቀበሌው ሰዎች የተመረጡ ሲሆኑ፣ ለማን ብድር እንደሚገባ ያጣራሉ፣ መክፈያው ሲደርስም ያሳስባሉ። ደመወዝተኛው የብድር ሠራተኛ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ኮሚቴው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

እዚህ ላይ የዱሮው ሥርዓት በአዲስ ልብስ ተመለሰ። የቡድን መሪ ሆኖ በአባላቱ የሚመረጠው፣ ሌሎቹ ባይከፍሉ የሚያሳፍረውና የሚያስጨንቀው ሰው ነው። የዕቁብ ዳኛም የሚመረጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዕጣ ደርሶት ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ የሚቀር ሰው ቢኖር ማኅበርተኛው የሚያየው ዳኛውን ነው። አብቁተ ይህን ልማድ አልፈጠረውም፤ በመዝገብና በወለድ ሒሳብ አደራጀው። ገና ሲጀምር አብዛኛው ተበዳሪ መልሶ የከፈለው በሠራተኛው ብርታት ሳይሆን በጎረቤት እፍረት ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋም አለ፤ ከቡድን የማይቀበሉት ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የባሰ ድኻ ነው፤ ጭቃ ሹምነት እንደማይደርሰው ርስተኛ።

በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ዋግን፣ የዛሬውን የዋግ ኽምራ ዞን፣ ከመጀመሪያው አካትቷል። ከምግብና ከገንዘብ ክፍያው ጋር ለፍየል፣ ለበግ፣ ለንብ ቀፎና ለሌላም የሚሆን ብድር መጣ። እዚህ ላይ የሰብሳቢው ችግር አዲስ መልክ ያዘ። በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ኮሚቴ በኩል ዕርዳታና ብድር አብረው ሲታደሉ፣ ብዙ ተበዳሪ ሁለቱን መለየት አቃተው ወይም መለየት አልፈለገም። ፍየሏ በድርቅ ከሞተች ደግሞ ክርክሩ አይጨበጥም። ለዚህ ሥራ የሚመረጥ ሰው ከሒሳብ ዕውቀት በፊት አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር፦ ገንዘቡ በተሰጠ ቀን ብድር መሆኑን በኽምጣናም በአማርኛም በግልጽ መናገር። ይህ ሳይሆን የቀረው ብድር በኋላ የትኛውም ጎበዝ ሰብሳቢ ቢላክ አይመለስም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ሲገባ ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ የተመለሰችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ የአበርገሌና የጻግብጂ ወረዳዎች ቀበሌዎች ከዚያም በኋላ ከአገልግሎት ውጭ ቆይተዋል። ተበዳሪው ተፈናቅሎ፣ ቅርንጫፉ ተዘግቶ መክፈያ ጊዜ መቁጠር ትርጉም አጣ። በዚሁ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ አብቁተ ጸደይ ባንክ ሆነ። ባንክ መሆኑ የሰብሳቢውን ቦታ ለወጠው። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት 90 ቀን ያልተከፈለበት ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል፤ በዚያ ላይ ቀኑ በጨመረ ቁጥር ባንኩ የሚይዘው መጠባበቂያ ይጨምራል። ጎረቤት አንድ ወር ሊታገሥ ይችላል፤ መመሪያው ግን ቀን ይቆጥራል።

ለዚህ ነው ባንኮች የብድር ማስመለስ ቡድን መሪ የሚፈልጉት። የሚጠየቀው በባንክ፣ በሒሳብ አያያዝ ወይም በአስተዳደር ዲግሪና ጥቂት ዓመት የብድር ሥራ ልምድ ነው። ሥራው ያረጁ ብድሮችን ለይቶ ለሠራተኞቹ ማከፋፈል፣ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም የሚገባውን ከማይገባው መለየት፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ የማይሆነውን ለሕግ ክፍል ማስተላለፍ ነው። የ1990ው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጥ ስለፈቀደለት፣ ከተማ ውስጥ ቤት ያስያዘ ተበዳሪ ከቡድን መሪው ማስጠንቀቂያ በኋላ የሚያየው የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። በገጠር ቀበሌ ግን ይህ ሥልጣን ብዙም አይረዳም። ለሰቆጣ የሚቀጠር ቡድን መሪ ከዲግሪው ይልቅ በተራራው ላይ የሚኖረውን ሰው ማወቁ፣ ኽምጣና መናገሩ፣ የመኸርና የከብት ገበያ ወራትን መለየቱ ይጠቅመዋል፤ የቅጥር ማስታወቂያ ግን እነዚህን አይጽፍም። በየቀበሌው ያሉት ኮሚቴዎችና የቡድን ዋሶች ባይኖሩ፣ አንድ ደመወዝተኛ ቡድን በመላው ዞን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመያዣው ጉዳይ ዞሮ ወደ መሬት ተመልሷል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 በ2009 ዓ.ም. ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ተበዳሪው ባይከፍል ለአበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ የሚተላለፈው ማሳውን የመጠቀም መብት ነው። ውሉ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ሲኖራቸው የሁለቱንም ስም ይዞ ይሰጣል።